ባለድርሻ ከሆንኩ ድርሻዬ የታለ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ጋዜጣ የማነበው ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጀመሪያ የሐዘን መግለጫ፣ ቀጥሎ ጨረታ፣ ዜናው መጨረሻ። የእድር ጸሐፊ ስለሆንኩ ሳይሆን አይቀርም። ዜናው ጋ ስደርስ ታዲያ የማላጣት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ «የሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት የተሳተፉበት የምክክር መድረክ ተካሄደ» የምትል። በደንብ አውቃታለሁ። ስንት ጊዜ በገዛ እጄ ጽፌያታለሁ! ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ስለ እሷ ነው። ትንሽ ይረዝምብኛልና ዝግጅት ክፍሉ ማሳጠር ካለበት መሐሉን እንጂ መጨረሻውን እንዳይቆርጥብኝ እለምናለሁ።

በ1978 ዓ.ም. በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊነት ተቀጠርኩ፤ በ2016 ጡረታ ወጣሁ። በመሐሉ መኪናው ኮምፒውተር ሆነ፤ «ስብሰባ» የነበረው «ሴሚናር»፣ ከዚያ «ዐውደ ጥናት»፣ ከዚያ «የምክክር መድረክ» ተባለ፤ እኔ ግን ያው ጥግ ላይ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ ስይዝ ኖርኩ። ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ፣ ከሜክሲኮ እስከ አራት ኪሎ ያሉትን አዳራሾች ዓይኔን ጨፍኜ በወንበራቸው ጥንካሬ እለያቸዋለሁ።

አንዱን ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤቱን ስሙን አልጠራም፤ እንጀራ የበላሁበት ነው። ርእሱ የእግረኛ መንገድና የጉሊት ንግድ ነበር። ሁለት ቀን፣ ካዛንቺስ አካባቢ አንድ ሆቴል፣ አራተኛ ፎቅ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ አለቃዬ አንድ ወረቀት ሰጥቶኝ «ይቺን ቶሎ ታይፕ አድርጊልኝ» አለኝ። አናቷ ላይ «የአቋም መግለጫ» ይላል። «እኛ የዐውደ ጥናቱ ተሳታፊዎች ለሁለት ቀናት በጥልቀት ከተወያየን በኋላ የሚከተለውን ባለ ሰባት ነጥብ የአቋም መግለጫ አውጥተናል።» ተሳታፊዎቹ በዚያች ሰዓት ገና ጉሊታቸው ላይ ናቸው፤ ሽንኩርት እየመደቡ። በማግስቱ ምን እንደሚሉ እኔ አውቃለሁ፤ እነሱ አያውቁም።

በ2፡30 ይጀመራል የተባለው 4 ሰዓት ላይ ተጀመረ፤ የክብር እንግዳው ዘግይተው። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ የመክፈቻ ንግግር፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስላይድ። ከየቢሮው የተወከለው ሰው የፊቱን ረድፍ ያዘ። ጉሊት ቸርቻሪዎቹ፣ ሊስትሮዎቹና አንድ ጫማ ጠጋኝ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ። መድረኩ ላይ አበባ፣ የታሸገ ውኃና የስም ሰሌዳ። በሁለተኛው ቀን የቡድን ውይይቱ «በጊዜ እጥረት ምክንያት» ሃያ ደቂቃ ሆነ። አወያዩ «ግብዓት ስጡን» ሲል አንዲት እናት ጎረቤቷን «ግብዓት ምንድነው?» ብላ ጠየቀቻት፤ «ፋብሪካ ውስጥ የሚከቱት ነው» አለቻት። መጨረሻ ላይ ጫማ ጠጋኙ ተነሣ። ኮፍያውን አወለቀና «ሁለት ቀን ሙሉ ባለድርሻ፣ ባለድርሻ ስትሉን ዋላችሁ። እሺ፣ ባለድርሻ ከሆንኩ ድርሻዬ የታለ?» አለ።

አዳራሹ ሳቀ። መድረኩም ሳቀ። አለቃዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ቀልዱን አትያዢው» አለኝ። አልያዝኩትም። ቃለ ጉባኤው ላይ ያሰፈርኩት «ተሳታፊዎች ጠቃሚ አስተያየቶችን ሰጥተዋል» የሚል ነው። ማታ የአቋም መግለጫው ተነበበ፤ ተጨበጨበ። ያጨበጨቡት እኔ ለተየብኩት ነው።

ሰውዬው ግን አልቀለደም። የጠየቀው «እኔ የምወስነው የቱን ነው?» ብሎ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ የሄድኩባቸውን መድረኮች ሁሉ በእሱ ጥያቄ ስለካ ኖርኩ፤ የጥሪ ደብዳቤው ሲጻፍ ገና ያልተወሰነ ነገር ነበር ወይ? ካለ፣ ያ ነገር በግልጽ አማርኛ ደብዳቤው ላይ ሰፍሯል ወይ? «ጉሊቱ ከመንገዱ ይነሣል፤ ይህ ተወስኗል። የት ይሂድ፣ በስንት ሰዓት ይከፈት፣ ጥላው ምን ይሁን የሚለውን ግን አብረን እንወስናለን» ብሎ መጻፍ ይቻላል። መራራ ነው፤ ግን ሰው መጥቶ የሚነጋገርበትን ያውቃል፣ ለነገሩ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ሁሉም ነገር ካለቀ ደግሞ «መግለጫ እንሰጣችኋለን» ይባል። ለማሳወቅ ሰው መጥራት ነውር የለበትም፤ የጉሊት ሴት የሁለት ቀን ገበያዋን ትታ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ የምታጨበጭብበት ምክንያት ግን አይታየኝም።

ሕጉ ቢሆን አልጎደለንም። በ1987 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ብታነቡ፣ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 92ም ስለ አካባቢ ጉዳይ ያንኑ ይደግመዋል። እኔ አንቀጾቹን በቃሌ የያዝኳቸው በየመክፈቻ ንግግሩ ስለምተይባቸው ነው።

አሁን ወደ እድራችን ልምጣ። ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ እሱ ነው።

ሰፈራችን ፒያሳ ነው፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም አይርቅም። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ከ120 አባሎቻችን 73ቱ ተነሡ፤ 47 ቀረን። የተነሡት ቦሌ አራብሳ ድረስ ተበትነዋል። ድንኳኑ እዚህ፣ ሰው እዚያ። አንዱ አባል አራብሳ ላይ ሲያርፍ ጎላ ድስቱና አግዳሚው በአይሱዙ ተጭኖ እስኪደርስ ቀብሩ አልቆ ነበር። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የፈነዳው፤ እንከፈል የሚል፣ ተቀማጩን ተካፍለን እንዝጋ የሚል፣ «የአባቶቻችንን እድር ማን ይዘጋል!» ብሎ የሚነሣ። ሊቀመንበሩ «ጠቅላላ ጉባኤ እንጥራና በእጅ ብልጫ ይለቅ» አሉ። እኔ ግን «ጋሼ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ስብሰባ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ የራሴን ላዘጋጅ» አልኳቸው። ሳቁና ፈቀዱልኝ።

መጀመሪያ ያልተወሰነውን ጻፍኩ። ሦስት መስመር ሆነ፤ አንድ ሆነን እንቀጥል ወይስ ለሁለት እንከፈል ወይስ እንዝጋ፤ መዋጮ ከሩቅ እንዴት ይሰብሰብ፤ ድንኳኑና ዕቃው የት ይቀመጥ። የተወሰነውንም ጻፍኩ፤ የሟች ቤተሰብ የሚከፈለው ገንዘብ ዘንድሮ አይነካም። ይቺን አንድ ገጽ በትልልቅ ፊደል አባዝተን ከስብሰባው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ለእያንዳንዱ ቤት አደረስን። ማንበብ ለማይችሉት በድምፄ ቀድቼ በቴሌግራም ላክሁ።

ቀጥሎ ማን ይጠራ የሚለው መጣ። «አባላቱ ናቸዋ!» ይባላል። አባል ማነው? መዝገባችን ላይ ያለው የአባወራው ስም ነው። ልቅሶ ቤት ሌሊቱን የሚቆሙት፣ ድንኳን የሚተክሉት፣ ውኃ የሚቀዱት ሌሎች ናቸው። መዝገቡን ዘርግቼ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ «በዚህ ቤት ለእድሩ ሥራ የሚሠራው ማነው?» እያልኩ ሳሰፍር የወጣው ዝርዝር ከመዝገቡ ጋር አልገጠመም። ሚስቶች፣ ኮሌጅ ያሉ ወንዶች ልጆች፣ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ፣ የቤት ሠራተኞች። ስለዚህ ከየቤቱ አባወራው ብቻ ሳይሆን ከእነዚህም እንዲመጣ ጠየቅን። ይህን ስል ግቢ ለግቢ መዞር አለበት። በስልክ «እሺ እመጣለሁ» ያለው ሁሉ አይመጣም፤ ደጁ ድረስ ሄደህ ቡና ከጠጣህበት ግን ይመጣል።

ቀኑን መምረጥ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ዓርብ አይሆንም፤ ሙስሊም አባሎቻችን ጁምዓ አለባቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ብንል ጉሊት ያላቸው «ከ10 ሰዓት ጀምሮ ነው ሰው የሚገዛን» አሉ። እሑድ ተባለ፣ ከቅዳሴ በኋላ 4 ሰዓት። የጥቅምትን እሑዶች ስንቆጥር 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 23 ጊዮርጊስ ሆነው ተገኙ፤ የፒያሳ ሰው ደግሞ በጊዮርጊስ ቀን ስብሰባ ና ቢሉት አይሰማም። ጥቅምት 9 ቀን 2018 ላይ ተስማማን። ለዚች አንዲት ቀን አራት ቀን ፈጀን። ቢሮ እያለሁ ቀን የሚመረጠው አዳራሽ በተገኘበትና የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ ነበር፤ ሰኔ ላይ ሆቴሎቹ ለምን እንደሚጨናነቁ የሚያውቅ ያውቃል።

ቦታውን በተመለከተ ሞኝነቴን ልናዘዝ። የለመድነውን አዳራሽ ይዤ ጨርሼ ነበር። መግቢያው ላይ አምስት ደረጃ አለ። አንድ አባላችን ከዓመታት በፊት በመኪና አደጋ ዊልቸር ላይ ቀርተዋል። ወጣቶቹ «ችግር የለም፣ እንሸከማቸዋለን» አሉ። ልነግራቸው ስሄድ አዳምጠውኝ ሲያበቁ «እኔ ድንኳን አይደለሁም፣ የምትሸከሙኝ» አሉኝ። ፊቴ ቀላ። ለመሆኑ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 ላይ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር የሚገባበት መንገድና የሚጠቀሙበት መጸዳጃ ይኑረው ብሎ ደንግጎ ነበር፤ አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ነው። አዋጁን የተየበ እጄ ደረጃውን አላየም ነበር።

መፍትሔው አንድ አባላችን ጋራዥ ሆኖ ተገኘ። እሑድ ዝግ ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ልክ እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ። ዘይት ዘይት ይሸታል፤ ይሽተት። መካኒኩ በሩ ሥር ጣውላ አጋደመ፤ የመጸዳጃውንም በር ነቅሎ መጋረጃ ሰቀለበት፣ ዊልቸሩ እንዲያልፍ። ከአራብሳና ከሌላው ሩቅ ሰፈር ለሚመጡት ለእያንዳንዳቸው 200 ብር የታክሲ ተሰጠ። እዚህ ላይ ስለ አበል አንድ ነገር ልበል። በኔ ዘመን ደመወዝ የሚከፈለው ሰው በስብሰባው ቀን ደመወዙም አበሉም ይደርሰው ነበር፤ የቀን ገቢዋ የቀረባት ሴት ደግሞ ብስኩትና ለስላሳ። ተገላቢጦሽ አይደለም?

መስማት የተሳነው ልብስ ሰፊ አባላችንን የረሳሁት ደግሞ ለሃያ ዓመት ነው። መዋጮውን አንድ ወር አሳልፎ አያውቅም። ስብሰባ ላይ ይመጣል፣ ከኋላ ይቀመጣል፣ ሲጨበጨብ ያጨበጭባል። ልጁ «አባዬ ሁልጊዜ ምን ተባለ ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔ የምነግረው ግማሹን ነው» አለችኝ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስተምራልና ስድስት ኪሎ ሄጄ ሁለት ተማሪዎች አገኘሁ። አንድ ይበቃኛል ብዬ ነበር፤ «አስተርጓሚ ከሃያ ደቂቃ በላይ ካስተረጎመ እጁም ጭንቅላቱም ይደክማል፣ እየተቀያየርን ነው» አሉኝ። አጀንዳውን አስቀድመው ጠየቁ፤ «ተቀማጭ»ን፣ «መዋጮ»ን ምን ብለን በምልክት እንበል ብለው ከራሱ ከልብስ ሰፊው ጋር ተቀምጠው ተስማሙ። ጀርባችንን ለመስኮት አትስጡን፣ ፊታችን ይጨልምበታል አሉ። እኔ ይህን ሁሉ በሠላሳ ስምንት ዓመት አልሰማሁም።

ካዛንቺስ ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ስጽፍ ሁሌ የሚከነክነኝ ነገር ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ አፍሪካ አዳራሽ አለ፤ በ1953 ተመርቆ በ1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት። እዚያ የአንድ አገር ሚኒስትር በፈረንሳይኛ ሲናገር ሌላው በጆሮ ማዳመጫ በገዛ ቋንቋው ይሰማል። ተርጉሞ ማሰማት እንግዲህ ለዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። በዚያው መንገድ ላይ ግን ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ አፏን የፈታችበት አንዲት ጉሊት ነጋዴ የቢሮ አማርኛ ይወርድባታል። እኛ ጋራዥ ውስጥ ሦስት ቋንቋ ነበር፤ ያለ ጆሮ ማዳመጫ፣ አጠገብ ለአጠገብ በሹክሹክታ። ሰዓት ይበላል። ይብላ።

ቀኑ ደረሰ። 68 ሰው መጣ። ቄሱም ሼሁም መረቁ፤ ምርቃቱ ከያዝኩለት አምስት ደቂቃ ወደ ሃያ ሄደ፤ አልቆጨኝም። መቀመጫው ክብ ነው፣ የእድራችንን አግዳሚ ደርድረን። የክብር ቦታ የለም። ሊቀመንበራችን ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ማይክ ከያዙ ቀኑ መሸ ማለት ነው። አስቀድሜ ቤታቸው ሄጄ «ጋሼ፣ የሰዓት ጥበቃውን ከርስዎ ሌላ የሚያከብርልኝ የለም» አልኳቸው። የመካኒኩን ፊሽካ አንገታቸው ላይ አጠለቁ። ሦስት ደቂቃ ያለፈውን ሁሉ ፊሽካ! የገዛ ወንድማቸውን ሳይቀር። እሳቸው ራሳቸው ያን ቀን የተናገሩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ወለሉ ላይ በጠመኔ ከተማውን ሣልን። ፒያሳን መሐል ላይ አደረግን፤ ሰዉ ሁሉ አሁን የሚኖርበት ላይ ሄዶ ይቁም ተባለ። ያኔ ነው ሁላችንም የደነገጥነው። ፒያሳ ላይ የቆሙት እጅብ ብለዋል። አራብሳ ላይ የቆሙት ጋራዡ ግድግዳ ሥር ናቸው። በመሐል ባዶ ሲሚንቶ። አንድ የተነሡ እናት ከግድግዳው ሥር ሆነው «እስኪ ከዚህ ድረስ ድስት አምጡልኝ» ብለው ጮኹ፤ ሳቅ ሆነ፣ ግን «ድንኳኑ ፒያሳ ይቅር» ሲሉ የነበሩት አንድ ሁለቱ ጠመኔው ላይ እንደቆሙ ሐሳባቸውን ሲቀይሩ አየሁ። በስላይድ ቢሆን ይህ አይመጣም ነበር።

ከዚያ በትንንሽ ቡድን ተቀመጡ፣ ስድስት ሰባት ሆነው። ሴቶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ፣ የተነሡት ለብቻ፣ የቀሩት ለብቻ፤ ኋላ ላይ ተቀላቀሉ። መጀመሪያ ለምን ለያየሽን ያሉኝ ነበሩ። ባል በተቀመጠበት ሚስት «እንዝጋው» ትላለች? አማት ባለችበት ምራት ትናገራለች? የራሳቸውን ነገር በራሳቸው መሐል ካወጡት በኋላ ግን ሲቀላቀሉ «የኛ ቡድን እንዲህ ይላል» ማለት ይችላሉ።

አሁን ደግሞ ጥፋቴን ስሙ። ውይይቱ ሞቅ ብሎ «እንከፈል ወይስ አንድ እንሁን» ላይ ሲደርስ ከቃለ ጉባኤዬ ቀና ብዬ ብመለከት የሴቶቹ ቡድኖች ሳስተዋል። ዘጠኝ ሴቶች የሉም። የት ሄዱ? ጋራዡ ጀርባ፤ ቡና እየቆሉ፣ ዳቦ እየቆረሱ፣ ሲኒ እያጠቡ። ማንም አላዘዛቸውም። እኔም ሴት ሆኜ ፕሮግራሙ ላይ «5፡30 የሻይ ቡና ዕረፍት» ብዬ ስጽፍ ማን እንደሚያፈላው አላሰብኩም። ለሦስት ሳምንት ስለ ደረጃና ስለ መስኮት ተጨንቄ ጀበናውን ረሳሁት። ፊሽካ አስነፍቼ ውይይቱን አስቆምኩ። ቡናው ከመንገድ ማዶ ከምትሸጥ ልጅ በቴርሞስ መጣ፣ ሲኒውን መካኒኮቹ አጠቡ፣ ሴቶቹ ገቡ፣ ነገሩ ከመጀመሪያው ተጀመረ። አጉረምርመዋል፤ አንድ ሽማግሌ «በቃ ተነጋግረንበት የለም እንዴ?» አሉ። ሴቶቹ ሲመለሱ ያመጡት ነገር ግን እስከዚያ ማንም ያላነሣው ነው፤ ዕቃው ለሁለት ይከፈል፣ እድሩ ግን አንድ ይሁን። ሲኒ የሚያጥብ ሰው ስንት ሲኒ እንዳለ ያውቃል።

ድምፅ የተሰጠው በሽምብራ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሦስት ፍሬ፣ ሦስት ጣሳ ከመጋረጃ ጀርባ። አጥብቆ የሚፈልገው ነገር ያለው ሦስቱንም አንዱ ጣሳ ውስጥ ይጥላል፤ የተቸገረው ያካፍላል። እጅ አውጡ ብንል ሰው የሊቀመንበሩን እጅ አይቶ ነው የሚያወጣው። በቆሎ ሊደረግ ታስቦ ነበር፣ በተቆላው፤ እንኳን ቀረ፣ ድምፁ ይበላ ነበር። 204 መሆን የነበረበት ሲቆጠር 201 መጣ። ጥሬውንም የበላ አለ ማለት ነው። አንድ ሆኖ መቀጠሉ በብዙ አሸነፈ። መዋጮው በቴሌብር እንዲሆን፣ ስልክ ለሌላቸው ደግሞ በየሰፈሩ አንድ ሰብሳቢ እንዲመደብ ተስማሙ። የድንኳኑ ነገር አላለቀም፤ ሁለተኛ ድንኳን ለመግዛት ዋጋ እንዲጠና ተባለ። ያላለቀውን «አልቋል» ብዬ አልጻፍኩም።

ግድግዳው ላይ አንድ ባዶ ወረቀት ለጥፌ «ይቆየን» ብዬ ጽፌበት ነበር። ከአጀንዳ ውጭ የመጣ ነገር እንዳይጠፋ እዚያ ይሰፍራል። ከሰዓት ላይ ከቤት ሠራተኞቹ አንዷ፣ ዕድሜዋ ከሃያ አይበልጥም፣ እጇን አወጣች። ቆየች። ሊቀመንበሩ ዕድል ሰጧት። «ልቅሶ ቤት ሰሃን የማጥበው እኔ ነኝ። እኔ ብሞትስ ማን ይቀብረኛል?» አለች። ማንም አልሳቀም። ፊሽካም አልተነፋም። እኔ ግን ጫማ ጠጋኙ ትዝ አለኝና ቃል በቃል ጻፍኩት፤ «ይቆየን» ላይም በትልቁ አሰፈርኩት። ቀጣሪዋ ኋላ ላይ ጠጋ ብለው «ነገሩ ስለ እኛ ቤት ይመስላልና ያቺን እንኳ ተዪያት» አሉኝ። አልተውኳትም።

ሲያበቃ ቃለ ጉባኤውን ቁጭ እንዳልን ሙሉውን አነበብኩ። አስተርጓሚዎቹ አስተረጎሙ። ስድስት ቦታ ታረምኩ፤ «እኔ ተስማማሁ አላልኩም፣ ዝም ነው ያልኩ» ያሉኝን አንድ እናት ጨምሮ፤ «ዝም ብለዋል» ብዬ አስተካከልኩት። ላልመጡት አባላት ዘመድ በሆነላቸው ሰው እጅ ወረቀቱ ተላከ፤ አንድ ወር የተቃውሞ ጊዜ ተሰጠ። አሥራ አንድ ሰው ደወለልኝ። ሦስቱ ተቆጥተው ነው፤ የሦስቱም ቁጣ ቃለ ጉባኤው ጀርባ ላይ ተጽፏል።

የጋዜጣችሁን ዘጋቢዎች አንድ ነገር ልለምን። ባነር ሥር የቆሙትን ፎቶ ስታነሡ ከኋላው ረድፍ አንዱን ሰው ጎተት አድርጋችሁ «ስትገቡ ያልተወሰነው ነገር የቱ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። መልሱን እንዳለ አትሙት፤ ቀልድ ቢመስልም።

ከስብሰባው በሦስተኛው ቀን፣ ማታ፣ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ያቺው ልጅ ናት፤ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ዳቦ ልትገዛ በወጣችበት። ቃለ ጉባኤውን አንድ ተማሪ አንብቦላት ነበር። «እትዬ፣ አንዲት ተሳታፊ ይላል። እኔ ነኝ ያልኩት። ስሜን ለምን አልጻፉትም?» አለችኝ። ቁጭ በይ አልኳት፤ አልተቀመጠችም፣ ዳቦው ይጠበቃል። መዝገቡን አውጥቼ «አንዲት ተሳታፊ» የሚለውን ሰረዝኩና ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጻፍኩት። አያቷን ራሷ ናት ያስያዘችኝ። እዚህ ያልጠቀስኩት ጋዜጣ ላይ ይውጣ ብዬ ስላልጠየቅኋት ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ጡረተኛዋ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ከፒያሳ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)